ምክትል ልሾም ነው፣ ቶሎ የሚወስነው ይሻላል ወይስ አጥንታ የምትወስነው?

አስመጪው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የወረቀትና የህትመት ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፣ ምክትል ምረጥ ተብዬ ሁለት ሰው ላይ ቆሜያለሁ። ሽያጩን የሚመራው ልጅ ደንበኛው ስልኩን ሳይዘጋ ዋጋ ቆርጦ የሚጨርስ ነው፣ ገበያው ይሸተኛል ባይ። ፋይናንሷ ደግሞ ለቶነር እንኳን ሦስት ፕሮፎርማ ካልመጣ አትፈርምም። እሱ ታዘገየናለች ይላል፣ እሷ ያከስረናል ትላለች፣ ሁለቱም ጎበዝ ናቸው እንግዲህ። ለማኔጀር የሚሆነው የቱ ስታይል ነው?

ኤምቢኤው፦
አለን ሮው የሚባል ምሁር የማኔጀሮችን አወሳሰን አራት ቦታ ከፍሎታል፣ አዛዥ፣ ተንታኝ፣ ሀሳብ ፈጣሪና ሰው ላይ የሚያተኩር። የሚገርመው ቶሎ የሚወስነው አዛዡ አሻሚ ነገር መሸከም የማይችለው ነው፣ ተንታኙ ግን ይችላል። እኛ ፈጣኑን ደፋር፣ ቀስ የሚለውን ፈሪ ነው የምንለው አይደል? ልጁ የሚቸኩለው አውቆ ይሁን ወይስ ጥያቄው ሳይመለስ ማደር ጨንቆት፣ እሱን እይ።

ሸገር ኦፕሬሽን፦
ስታይሉን ተወውና ውሳኔው ምን ዓይነት ነው በል። የአማዞን መሥራች ቤዞስ በ2015 (እኤአ) የባለአክሲዮኖች ደብዳቤው ላይ ውሳኔን በበር ነው የመሰለው፣ ገብተህ ካልጣመህ የምትመለስበት አለ፣ አንዴ ከገባህ የማትመለስበትም አለ። ለአንድ ደንበኛ ቅናሽ መስጠት ነገ ይስተካከላል፣ ለሱ ሦስት ፕሮፎርማ ምን ይሠራል። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ አቅራቢው ክፍያ ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ) መክፈት ወይ የአምስት ዓመት የመጋዘን ውል መፈረም ግን ሌላ ነው፣ እዛ ላይ ሸተተኝ አይሠራም።

ብር በዶላር፦
ሸገር ልክ ነህ ግን ኤልሲም ቢሆን ጊዜ የማይሰጥህ ቀን አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዛው ቀን 74 ገባ፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ ሦስት ፕሮፎርማ ልሰብስብ ያለ ሰው ሦስተኛው እጁ ሳይገባ የመጀመሪያው ዋጋ አርጅቶበታል። ደግሞ እንደ ሽያጭህ ልጅ ያለው፣ ገበያ ተገኘ ብሎ ስቶኩን በድሮ ዋጋ አራግፎ በተሸጠበት ብር መልሶ መግዛት ያቃተው፣ እሱም ነበር 😅 ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን ምንም አይነግርህም።

የቀድሞ ኤችአር፦
ሁላችሁም ብቻውን ስለሚወስን ሰው ነው የምታወሩት። ቭሩምና የተን የሚባሉ ምሁራን በ1973 (እኤአ) ያወጡት ሞዴል ላይ ማኔጀሩ ብቻውን ከመወሰን እስከ ከቡድኑ ጋር አብሮ መወሰን ድረስ ደረጃ አለው፣ ምረጥ ነው የሚልህ እንደ ጉዳዩ። እኛ አገር የተለመደው ውሳኔው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ስብሰባ ጠርቶ "አስተያየት ስጡ" ማለት ነው፣ ሠራተኛው ደግሞ ገብቶታል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል። አንድ አለቃ ነበሩኝ፣ መጀመሪያ የሚያናግሩት በደረጃ ትንሹን ሰው ነው፣ እሳቸው መጨረሻ። አንዴ ስለ አዲስ መጋዘን ስንወያይ ስቶር ኪፐሩ "ወለሉ ያልባል፣ ታች የተደረደረው ኤ ፎር እርጥበት ይይዘዋል፣ ፕሪንተር ውስጥ ይነክሳል" አለ። ማናችንም ቢሮ ውስጥ ያለን ሰዎች አላወቅነውም፣ ኤክሴልም ላይ የለም። ከሁለቱ ማንኛቸው ናቸው ስቶር ኪፐሩን የሚጠይቁት?

አስመጪው፦
ኧረ ይሄን አላሰብኩትም፣ ልጁ ከመጋዘን ሠራተኞቹ ጋር ምሳ ይበላል እሷ ግን በኢሜይል ነው። እንደ አጋጣሚ የመጋዘናችን ውል በቅርቡ ያልቃል፣ ፋይሉን ለየብቻ ልሰጣቸው ነው፣ እሱን ሳምንት ሳይሞላው ውሳኔ እንዳያመጣ፣ እሷን ዓርብ ከሰዓት እንዳታሳልፍ እላቸዋለሁ። ማንን እንዳነጋገሩም ይጻፉልኝ።

ብር በዶላር፦
እሷ ዓርብ ካደረሰች ሹማት በቃ 😄

የቀድሞ ኤችአር፦
ቆይ እስቲ፣ ለሁለቱም አንድ ላይ ነው የሹመቱን ነገር የነገርካቸው? ካልነገርካቸው ፈተና መሆኑን ያውቁ፣ በኋላ ቅሬታ ይመጣብሃል።