ተፈጥሮ ውስጥ ጊዜ ስለማሳለፍ የጋራ ፕሮፖዛላችን (ረቂቁን አብረን እናስተካክል)

ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ባለፈው ስብሰባ ስለ ስትሬስ ያነሳነው ሀሳብ ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ ረቂቅ ጀምሬያለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ማህበሩ አባላቱን ዛፍ ወዳለበት ቦታ ይዞ ይወጣል፣ ግማሽ ቀን፣ መጀመሪያ የእግር ጉዞ ከዛ የቡድን ጨዋታ ከዛ ውይይት። አርብ ለስራ አስፈፃሚው መድረስ ስላለበት ያልመሰላችሁን ሳትሳቀቁ ቁረጡት።

መምህር፦
ሀሳቡ ደስ ይላል ግን እኔ ጨዋታውም ውይይቱም ይውጣ ባይ ነኝ። ሰው እኮ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ፣ ለዚህ ሲመልስ ለዛ ሲያስረዳ፣ ትኩረቱን በግድ ይዞ ስለዋለ ነው የሚዝለው። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የሚባሉ የስነልቦና ተመራማሪዎች ከብዙ አመት በፊት የፃፉት ይሄንኑ ነው፣ ቅጠል ሲወዛወዝ ወይ ውሃ ሲወርድ ስናይ አይናችን ሳንታገለው ይሄዳል፣ በዛ መሀል ያ በግድ ስንሰራበት የዋልነው ትኩረት ያርፋል። እና ሰውን እዛ ድረስ ወስደን አጀንዳ ይዘን ከጠበቅነው ከሚቲንግ በምን ይለያል?

ነርስ፦
እኔም እስማማለሁ። እኛ ሙያ ውስጥ የታወቀች ጥናት አለች፣ ሮጀር ኡልሪክ 1984 ላይ ያወጣት፣ የሀሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ተደርገው ከተኙት ውስጥ መስኮታቸው ወደ ዛፍ የሚያሳያቸው ሰዎች የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። ታማሚዎቹ 46 ብቻ ናቸው፣ ትንሽ ነው አውቃለሁ፣ ግን እነዚህ ሰዎች ዛፉን ለማየት መራመድ አላስፈለጋቸውም፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ነው ያዩት። ስለዚህ መራመድ ግዴታ አይሁን፣ መቀመጫ ያለው ቦታ ይመረጥ።

አንጋፋ አባል፦
ተባረኪ ልጄ። የኔ ጉልበት ዳገት አይችልም፣ የእግር ጉዞ የሚለውን ሳይ ይሄስ ለኔ አይደለም ብዬ ትቼው ነበር።

ሒሳብ ያዥ፦
ጋሼ እርስዎማ አይቀሩም። የኔ ጥያቄ ሰአቱ ላይ ነው፣ ልጅ ያለው ወይ ሁለት ቦታ የሚሰራ ሰው ግማሽ ቀን ከየት ያመጣል? በጣም የተጨነቀው እኮ እሱ ነው፣ እሱ ካልመጣ ለማን ነው የምናዘጋጀው? ትንሹ የሚጠቅመው ስንት ነው?

መምህር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። 2019 ላይ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 የከተማ ሰዎችን ለ8 ሳምንት ተከታትለው ነበር፣ ከቆይታቸው በፊትና በኋላ ምራቅ እየወሰዱ ኮርቲሶል የሚባለውን የስትሬስ ሆርሞን ለኩ። ኮርቲሶል እንደሆነ ጠዋት ከፍ ብሎ ቀኑን ሙሉ በራሱ እየወረደ ነው የሚሄደው፣ እነሱ ያንን ቀንሰው ከዛ በላይ የወረደውን ነው ያዩት፣ እና በፍጥነት የሚወርደው ቆይታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲሆን ነው፣ ከዛ በኋላም ይወርዳል ግን እየዘገመ። ቦታውንም ሰአቱንም የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ስልክ፣ ንባብ፣ ወሬ፣ ከባድ ስፖርት ግን ክልክል ነበር።
እዛው 2019 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰው የተጠየቀበት ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት ድምሩ 120 ደቂቃና ከዛ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚቆዩት ጤናቸውም ስሜታቸውም ጥሩ እንደሆነ የመናገር እድላቸው ጭራሽ ከማይወጡት ይበልጣል ይላል፣ በአንዴም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ የለውም።

ነርስ፦
ሁለተኛው ላይ ግን ጥንቃቄ፣ ጤነኛ የሆነ ሰው ስለሆነ ብዙ የሚወጣውም ሊሆን ይችላል። ፕሮፖዛሉ ላይ "ስትሬስ ያቀላል" እንበል እንጂ "ያድናል" አንበል። እንቅልፍ ካጣ ከሰነበተ፣ ተስፋ መቁረጥ ከያዘው ሰው ጋር ደግሞ ዛፍ ስር ተቀመጥ ብለን አንለያይም፣ ወደ ሀኪም እንዲሄድ እናግዘዋለን። ይሄ በግልፅ ይፃፍልኝ፣ በዚህ አልደራደርም።

ወጣት አባል፦
እሺ ግን ስልክ ክልክል ካልን እኔ አልመጣም፣ እናቴ ታማ ቤት ናት። ሌላው ደግሞ ብቻዬን ጫካ መሀል ብቀመጥ እየፈራሁ ነው የምቀመጠው፣ ዙሪያዬን እያየሁ ምን እረፍት አለው? ሴቶች ዝም ብለው ስለሚቀሩ ነው የማነሳው።

ፀሐፊ፦
እህቴ ይሄን ማንሳትሽ ጥሩ ነው፣ እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፣ የቤት ጥሪ ይነሳ፣ ኖቲፊኬሽንና ፎቶ ይቅር። ቦታው ደግሞ ሰው የሚታይበትና ከጨለማ በፊት ይሁን፣ አብረን እንሄዳለን ግን እየተያየን ተራርቀን እንቀመጣለን።

ሒሳብ ያዥ፦
እንዲህ ከሆነ ወጪም የለውም ማለት ነው፣ ትራንስፖርት እንኳን በየሰፈሩ የቅርቡን ቦታ ከመረጥን አያስፈልግም። የእግር ጉዞ ጫማ የሚለውን መስመር ሰርዤዋለሁ።

ፀሐፊ፦
እሺ እስካሁን የተስማማነው፦ "አባላት በሰፈር በሰፈር ተቧድነው በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ዛፍ ወይ ውሃ ወዳለበት ቅርብ ቦታ በብርሃን ይወጣሉ። መራመድም መቀመጥም ይቻላል። ፕሮግራም፣ ንግግር፣ የስም ጥሪ አይኖርም። ይህ የህክምና ምትክ አይደለም፣ የተቸገረ አባል ወደ ሀኪም እንዲደርስ ማህበሩ ያግዛል። ከ8 ሳምንት በኋላ አባላት ተጠይቀው ይቀጥል ወይ ይስተካከል ይባላል።" የቀረ ካለ እስከ ሀሙስ ማታ ፃፉ፣ ጋሼ እርስዎ ሰፈር ያለውን ቦታ ግን እርስዎ ይምረጡልን።

አንጋፋ አባል፦
እመርጣለሁ። ዳገት የሌለው።