ግሎሪያ ሮቻ «ድምፅ ብቻ» ናት?

ሚኪ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ግሎሪያ ሮቻ ምን ፈጠረች? ዳቢንግ (የውጭን ፊልም በሌላ ቋንቋ ማናገር) ድምፅ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። አናደደኝ። ድራጎን ቦል ዜድ የተባለው የጃፓን ካርቱን ሜክሲኮ ውስጥ በስፓኒሽ ሲቀዳ ዳይሬክተር ሆና የመራችው ይቺ ተዋናይት ናት። ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለጎኩ ማሪዮ ካስታኜዳን፣ ለልጁ ለትንሹ ጎሃን ላውራ ቶሬስን ያሰለፈችው እሷ ናት።

ጌች፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ታሪኩ የጃፓናዊው ደራሲ የአኪራ ቶሪያማ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ አደባባይ ወጥቶ የተከታዩን ካርቱን፣ የድራጎን ቦል ሱፐርን መጨረሻ ያየው ሕዝብ በጃፓንኛ ነው ያየው፣ ከሥር ጽሑፍ እያነበበ። ግሎሪያ የት አለች?

ሰናይት፦ ያ ሕዝብ የማንን ድምፅ እየሰማ አደገና ነው አደባባይ የወጣው? ዜድ ታድሶ «ካይ» ተብሎ ሲመጣ ካስታኜዳና የጎኩ ተቀናቃኝ የቬጂታ ድምፅ የነበረው ሬኔ ጋርሲያ አልነበሩበትም። ሥዕሉ ያው፣ ታሪኩ ያው፣ ተመልካቹ ግን ቱግ አለ። በ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የድራጎን ቦል ፊልም ሁለቱም ተመለሱ። ድምፅ ብቻ ከሆነ ምን ያስቆጣል?

ጌች፦ እሱማ የካስታኜዳ ችሎታ ነው። የዳይሬክተሯ ምኑ ነው?

ሚኪ፦ ተዋናዩ ብዙ ጊዜ ስቱዲዮ የሚገባው ብቻውን እኮ ነው። ንግግሩን የሚመልስለት ሰው ከጎኑ የለም። ጩኸቱ የት እንደሚወጣ፣ አፉ መቼ እንደሚዘጋ፣ ንዴቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረው ዳይሬክተሩ ነው። ይሄ ሥራ ካልሆነ ምን ሥራ ሊባል ነው?

አዜብ፦ በሜክሲኮ የዜድ ተራኪ የነበረው ሆሴ ላቫት በ2018 እ.ኤ.አ. አረፈ። በ2025 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ምርጫ ተቋም ድምፁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስመስሎ ቪዲዮ ላይ አዋለው። የዳቢንግ ባለሙያዎች ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሰልፍ ወጡ። ጌች፣ ይሄንንም «ብቻ» ትለዋለህ?

ጌች፦ እሱ ሌብነት ነው። እኔም እቃወማለሁ። ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰናይት፦ የማይረባ ነገር አይሰረቅም ወንድሜ።

ዮኒ፦ ቆይ፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የእኛ የፊልም ሰዎች ዳቢንጉን ተቃወሙ። ትክክል ነበሩ?

ሚኪ፦ ዮኒ፣ አሁን ስለ ሜክሲኮ ነው የምናወራው።

ዮኒ፦ እንዴት አይመለከተንም? የቱርክ ድራማ ተዋናዮችን በአማርኛ ያናገሩልንን ልጆች ከናንተ ስማቸውን የሚያውቅ አለ? የሩቋን ግሎሪያን ግን ታውቃላችሁ።

አዜብ፦ እነሱም ክብር ይገባቸዋል። ማን ከለከለህ፣ አንተ ጻፍላቸው።

ጌች፦ ሚኪ፣ ጥያቄዬን አልመለስክም። ካስታኜዳን ሌላ ዳይሬክተር መርጦት ቢሆን ያው ጎኩ አይሆንም ነበር?