ከፍ ያለው ኖታ ላይ ድምፄ ይሰነጠቅብኛል፤ እርዱኝ

የሐዋሳዋ ሶሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር አራት ዓመት አልቶ (ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ) ዘምሬያለሁ። ዘንድሮ ለፋሲካ ፕሮግራም ሶሎ፣ ብቻዬን የምዘምረው፣ ተሰጠኝ። በጣም ነበር የተደሰትኩት፤ አሁን ግን እንቅልፍ እየነሳኝ ነው። መዝሙሩ በዲ ኖታ ቅኝት ነው፤ አዝማቹ ደግሞ ላይኛው ዲ ድረስ ይወጣል። እስከ ኤ ድረስ ምንም አልሆንም። ከእሱ በላይ ያለው ሲ ላይ ስደርስ የአንገቴ ሥር ይገታተራል። ዲ ላይ ድምፄ ይሰነጠቃል። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት እንለማመዳለን። በማግስቱ ድምፄ ተዘግቶ እነሳለሁ፤ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት አይከፈትም። እናቴ ዝንጅብል በማር ታፈላልኛለች። ጓደኛዬ ጥሬ እንቁላል ጠጪ ትለኛለች። ልምምድ ላይ «ከሆድሽ አውጪው» ይሉኛል። ከሆድ ማውጣት ማለት ምን እንደሆነ ግን ያስረዳኝ ሰው የለም። አምስት ሳምንት ቀርቶኛል። ምን ላድርግ?

ኳየር አሰልጣኝ፣ ደሴ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለጊዜው ያንን ዲ አትንኪው።

ማታ ዘምረሽ ጠዋት ድምፅሽ የሚዘጋ ከሆነ የድምፅ አውታሮችሽ አብጠው እያደሩ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መግፋት ምን እንደሚያመጣ በራሴ አይቻለሁ። በ26 ዓመቴ ጉንፋን ይዞኝ በአንድ ሳምንት ሦስት ፕሮግራም ዘመርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ መዘመር አልቻልኩም። አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ሲያሳየኝ አውታሮቼ ቀልተው፣ ጠርዛቸው አብጦ አየሁ። ስለ ድምፅ በደንብ መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ኳየር ማሰልጠን ከጀመርኩ አሁን 19 ዓመት ሆነኝ።

አውታሮችሽ በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ርዝመታቸው አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያቺን የምትመችሽን ኤ ስትዘምሪ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባሉ። ላይኛው ዲ ላይ 587 ጊዜ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚችሉት ተለጥጠው ሲቀጥኑ ነው። ክራር ስትቃኚ ጅማቱን ጠበቅ ታደርጊዋለሽ እንጂ በኃይል አትመቺውም። በኃይል ብትመቺው ይጮኻል፤ ኖታው ግን ያው ነው። አንቺ አሁን አውታሮቹን እንደ ወፈሩ ይዘሽ አየር እየገፋሽባቸው ይመስለኛል። የአንገትሽ ሥር የሚገታተረውም ለዚህ ነው።

«ከሆድሽ አውጪው» ማለት አየሩን ቆጥበሽ ልቀቂ ማለት ነው። ግፊ ማለት አይደለም። ስትተነፍሺ ጎንሽ ይስፋ፤ ትከሻሽ አይነሳ። ከዚያ «ስስስ» እያልሽ 20 ሰከንድ ያህል በቀስታ ልቀቂው። ጎኖችሽ ቶሎ እንዳይወድቁ ያዝ አድርጊያቸው።

ቀጥሎ ባዶ ሀይላንድ ፈልጊና ግማሹን ውሃ ሙዪው። ስትሮ ሁለት ጣት ያህል ውሃው ውስጥ አስገቢ። በስትሮው «ኡ» እያልሽ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ድምፅሽን አንሸራትቺ። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ። ከአፍሽ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹ በኃይል እንዳይጋጩ ይደግፋቸዋል። ቀላል ስለሆነ እንዳትንቂው። ለእኔ ድምፄን የመለሰልኝ እሱ ነው።

አሁን ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ስንል ጉሮሯችን ለቅጽበት ይዘጋል። ከፍ ያለው ኖታ እንዲህ ባለ ፊደል ከጀመረ ከተዘጋ ጉሮሮ ተነስተሽ ነው የምትወጪው። ስለዚህ ግጥሙን ለጊዜው ተዪው። ያቺን መስመር መጀመሪያ በ«ም»፣ ቀጥሎ በ«ኑ» ብቻ ዘምሪያት። ስትለሰልስ ቃላቱን መልሺ፤ ቀ እና ጠ ላይ ቀለል በዪ። ከፍ ያለው ኖታ ላይ የሚውለው አናባቢ «ኢ» ከሆነ ደግሞ አፍሽን ትንሽ ከፍተሽ ወደ አናባቢው «ኤ» አስጠጊው። ሰሚው አይለየውም፤ ጉሮሮሽ ግን ይለየዋል።

ኪቦርዲስቱን ትራንስፖዝ (መዝሙሩን በግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) አራት ጊዜ ወደ ታች እንዲያወርድልሽ ለምኚው። ዲ የነበረው ቢ ፍላት ይሆናል። በየሳምንቱ አንድ እየጨመራችሁ ሞክሩ። ሳትገፊ በደረስሽበት ላይ ቁሚ፤ ፋሲካን በዚያው ዘምሪ።

እንቁላሉ ይቅርብሽ። የምንውጠው ነገር አውታራችን ላይ አያርፍም፤ ቢያርፍማ ትን ይለን ነበር። የእናትሽ ዝንጅብል ያሞቅሻል፤ ጠጪው። ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ ጠጪ፤ መድረክ ስትወጪ የምትጎነጪው አይደርስልሽም። የሞቀ ውሃ እንፋሎት በአፍንጫ መሳብ አውታሮቹን በቀጥታ ያረጥባቸዋል፤ እንዳያቃጥልሽ ራቅ ብለሽ። ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልተሽ ወዲያው አትተኚ፤ ቃር እስከ ጉሮሮ ይወጣል። ድምፅሽ በተዘጋ ቀን ደግሞ አታንሾካሽኪ። ዝም በዪ፣ ካልሆነም በለስላሳ ድምፅ አውሪ።

ሻካራነቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ፣ ወይም ስትዘምሪ ካመመሽ፣ አንገት በላይ ሐኪም ሳትታዪ ፋሲካን አትጠብቂ።

የማታ ዘፋኝ፣ አዲስ አበባ፦

አሰልጣኙ ሁሉንም ብሏል። እኔ ስለ ድራሙ ልናገር። ከድራም አጠገብ ቆመሽ ከሆነ የምትለማመጂው ራስሽን ስለማትሰሚ ሳታውቂው ትጮኺያለሽ። እኔ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሰርቼ ነው የነቃሁት። ሞኒተሩን፣ ዘማሪው ራሱን የሚሰማበትን ድምፅ ማጉያ፣ ወደ አንቺ አዙሪው። ከሌለ አንድ ጆሮሽን በእጅሽ ሸፈን አድርጊ። አዝማሪዎችም ሲያደርጉት አይተሽ ይሆናል።

የሐዋሳዋ ሶሎ፦

12 ቀን ሆነኝ፤ ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ኪቦርዲስቱ መጀመሪያ «መዝሙሩ ይቀዘቅዛል» ብሎ ነበር፤ ሲሰማው ዝም አለ። አሁን በቢ ነኝ። ከልምምድ ማግስት ጠዋት ድምፄ አለ፤ ትናንት እናቴን «ደህና አደርሽ» ስላት ደነገጠች። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምርብዎት። ሳልገፋ ስወጣው ድምፄ ቀጭን ነው፤ የሕፃን ይመስላል። ሰው ፊት በዚህ ልዘምር?

ኳየር አሰልጣኝ፣ ደሴ፦

ልጄ፣ ቅጥነቱን አትፍሪው። አውታሮችሽ መለጠጥ እየለመዱ ነው። ከዚያ ከቀጭኑ ጀምረሽ በ«ኑ» ከላይ ወደ ታች ውረጂ፤ ከታች ያለው ወፍራሙ ድምፅሽ የት ላይ እንደሚቀላቀል አዳምጪ። መገናኛው በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ላይ ድምፅ አትጨምሪ፤ በቀስታ ደጋግሚው። ለመድረኩ ማይክ አለልሽ። አዝማቹ ላይ ወደ አፍሽ ሁለት ጣት ያህል አስጠጊው።