የአልማዝ ቀለበት ግዴታ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ ሽማግሌ ልልክ ነው። ልጅቷን እወዳታለሁ፣ በዚያ በኩል ሐሳብ የለኝም። ያስጨነቀኝ ቀለበቱ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቷ «አልማዝ ካልሆነማ ምኑን ቀለበት ሆነ?» አለቻት። ጓደኞቿም ቲክቶክ ላይ የሚያዩት እሱኑ ነው። ዋጋ አጠያየቅኩ። ትንሿ ፍሬ ያለችበት ብቻ የአምስት ወር ደሞዜን ትወስዳለች።

የእናቴ ስም አልማዝ ነው። ድንጋዩን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ለእሷ የመጣላት ጥሎሽ የወርቅ ሀብል፣ ጉትቻና ቀሚስ ነበር። ታዲያ ይሄ ነገር ከየት መጣ? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የሳቢያን እህት፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ራሷን ጠይቃት። እህቷ ያለችው ሌላ፣ እሷ የምትፈልገው ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ሳገባ ስለ ጣቴ ሁሉም ሰው ሲወስን እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንጥረኛው ከጀጎል፦
አብሽር የኔ ልጅ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ወርቅ ስሠራ 30 ዓመት ሆኖኛል። ይሄን ነገር ብዙ ሙሽራ ስለጠየቀኝ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ።

ሲያዩት የጥንት ወግ ይመስላል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1477 የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን ለቡርገንዲዋ ማርያም የአልማዝ ቀለበት ሰጥቷል። ያ ግን የመሳፍንት ነገር ነው። በዚያ ዘመን አልማዝ ከህንድ በጥቂቱ ነበር የሚመጣው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሊ አካባቢ ተገኘና በገፍ ይወጣ ጀመር። የበዛ ነገር ደግሞ ይረክሳል። ባለ ማዕድኖቹ ይሄ አስፈራቸው። በ1888 ዲ ቢርስ የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ ማዕድኖቹን ጠቅልሎ ያዘ። ዋጋው እንዳይወርድም ድንጋዩን እየቆጠበ ወደ ገበያ ይለቅ ነበር።

ቀጥሎ ፈላጊ ማብዛት ነበረበት። በ1938 ኤን ደብሊው ኤየር የሚባል የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። የፊልም ተዋናዮች ጣት ላይ አልማዝ እንዲታይ አደረጉ። ትምህርት ቤት ድረስ ሰው እየላኩ ለሴት ተማሪዎች ስለ እጮኛ ቀለበት አስነገሩ። በ1947 ፍራንሲስ ገረቲ የምትባል ጸሐፊያቸው «አልማዝ ለዘላለም ነው» የሚለውን ጻፈች። እሷ ራሷ ሳታገባ ነው የኖረችው። በ1980ዎቹ «የሁለት ወር ደሞዝ» የሚል መለኪያ ያመጣውም ማስታወቂያ ነው። ጃፓንን ደግሞ እይ። በ1967 የአልማዝ ቀለበት የሚደረግላቸው ሙሽሮች ከ100 አምስት አይሞሉም ነበር። ማስታወቂያው ገባ። በ1981 ወደ 60 ደረሱ። የ14 ዓመት ሥራ ነው እንግዲህ!

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከውጭ የተላከላትን የአልማዝ ቀለበት ይዛ ሱቄ መጣች። ልጇ ታሞ ነበር። ወርቁን መዘንኩት፣ ባለ 18 ካራት ነው፣ ሦስት ግራም እንኳ አልሞላም። ስለ ድንጋዩ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ወርቅ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የዕለቱ ዋጋ ይታወቃል፣ ሐረርም ድሬም ያው ነው። አልማዝ ግን ስትገዛው ሌላ ነው፣ ስትሸጠው ሌላ። ከገዙበት እጅግ ወርዶ ነው የሚሸጠው፣ እሱም የሚገዛ ከተገኘ። ፍሬዋን ነቅዬ በወረቀት ጠቅልዬ መለስኩላት። አለቀሰች። ያን ቀን ያወጣት ሌላ ሳይሆን ክንዷ ላይ የነበረው የእናቷ አምባር ነው። እሱን ስመዝን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አልማዝ አትግዛ አልልህም። ውብ ድንጋይ ነው። ግን ልጅቷ ይሄን አውቃ ትምረጥ።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺንም ሰምቼሻለሁ። ትናንት ማታ አሸዋ ሰፈር ሻይ ይዘን ቁጭ አልንና የጻፋችሁትን አነበብኩላት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገረችኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ቤታቸውን ሲወስደው እሷ ሕፃን ነበረች። እናቷ ድስትና ፍራሽ መልሰው የገዙት ጉትቻቸውን ሸጠው ነው። «እኔ የፈለግኩት እህቴ ፊት እንዳላፍር ነው» አለችኝ። እህቷን ራሷ ልታናግራት ነው።

ቅዳሜ ሐረር እንወጣለን። ሱቅ ስንት ሰዓት ይከፈታል?

አንጥረኛው ከጀጎል፦
ሦስት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ከፈረስ መጋላ ወረድ እንዳላችሁ አንጥረኛው ብላችሁ ጠይቁ። የጣቷን ልክ ጠዋት አትለኩ፣ ጠዋት ጣት ቀጭን ነው። ዓርብ ማታ በክር ለክታ ትምጣ።