ሃውስሆልድ ውስጥ ማን ይቆጠራል?

ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጋፍ) ማደሻ ቅጽ ደርሶኛል፤ በሃውስሆልድሽ፣ ማለትም እንደ አንድ ቤት በሚቆጠሩት ውስጥ፣ ስንት ሰው አለ ይላል። ሁለት ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። የአክስቴ ልጅ ከአገር ቤት ከመጣች ጀምሮ ምድር ቤቱ ውስጥ ትኖራለች፤ አሁን ሥራ ይዛ የኪራዩን ሲሶ ትከፍላለች። ብቆጥራት ደመወዟ ከእኔ ጋር ተደምሮ ድጋፉ እንዳይቋረጥብኝ፣ ብተዋት ደግሞ ዋሸሽ እንዳልባል ፈራሁ። ቅጹ በዚህ ሳምንት መመለስ አለበት።

ከቨርጂኒያ፦
እህቴ፣ በታክስ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁና ልንገርሽ። ቃሉን ቤተሰብ ብለሽ እንዳትረጂው፤ ትርጉሙ በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። ለፉድ ስታምፕ ዋናው ነገር ዝምድና ሳይሆን ማድቤት ነው፤ አብረው የሚኖሩ፣ ምግብ አብረው የሚገዙና የሚያበስሉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ባልና ሚስት፣ ከወላጁ ጋር የሚኖር ከ22 ዓመት በታች የሆነ ልጅም፣ ድስታቸው ቢለያይ እንኳ አንድ ናቸው። የአክስት ልጅ ከዚህ ውስጥ የለችም። ታክስ ላይ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (የቤት ኃላፊ) ለመባል ደግሞ ያላገባሽ ሆነሽ ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላይ መሸፈን አለብሽ፤ ለዚህ ልጆችሽ ሊያበቁሽ ይችላሉ፣ እሷ ግን አታበቃሽም። ዘመድ ለማስመጣት የሚሞላው አይ-864 የተባለው ቅጽ ገና አገር ቤት ያለውን መጪ ሰው ሳይቀር ይቆጥራል፤ ገቢሽም ለዚያ ቁጥር ከወጣው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል።

ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። አስቤዛችን ለየብቻ ነው፤ የማቀዝቀዣው የላይኛው መደርደሪያ የእሷ ነው። በጾም ቀን ግን አንድ ሽሮ ሠርተን እንበላለን።

ከቨርጂኒያ፦
የሚታየው የዘወትር ልማዳችሁ ነው። አልፎ አልፎ አብሮ መብላት አንድ አያደርጋችሁም።

ከሲያትል፦
ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህ እንዴት አልፎ አልፎ ይባላል? እንዳለ ለቢሮው ትንገራቸው እንጂ።

ከዳላስ፦
የእኔ ሃውስሆልድ ያለው ደሴ ነው። እናቴን በየወሩ የምረዳት እኔ ነኝ፤ የመድኃኒቷም የቤት ኪራይዋም ከእኔ ደመወዝ ነው የሚወጣው። ታክስ ላይ ጥገኛዬ ናት ብዬ ላስገባት ስል የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነች፣ ወይም አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ነዋሪ ካልሆነች አይቻልም ተባልኩ። ያን ቀን አንጀቴ አረረ።

ከአትላንታ፦
ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝና የአክስትን ልጅ ምድር ቤት አኑሮ ኪራይ መቀበል ከየት የመጣ ነው? እኛ ስንመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ስናድር ሳንቲም የጠየቀን ዘመድ አልነበረም።

ከዳላስ፦
እትዬ፣ ልጅቷ ሥራ ይዛለች እኮ። እኔን በነጻ ያስቀመጠኝ ዘመዴ እስከ ዛሬ ውለታውን ይቆጥርብኛል። ምነው በከፈልኩ ኖሮ!

ከአትላንታ፦
መቁጠሩ የእሱ ክፋት ነው። ልጅቱ ያን ገንዘብ ለእናቷ ብትልክላት አይሻልም?

ከሜሪላንድ፦
እትዬ፣ ሸክም እንዳትሆንብሽ አስከፍያት ያለችኝ አክስቴ ራሷ ናት።

ከአትላንታ፦
እናት በአፏ እንዲህ ትበል እንጂ በሆዷ ሌላ ነው። ደግመሽ ጠይቂያት።