ካናዳ ውስጥ እስካሁን ውሃ አፍልቶ መጠጣት?

ጥያቄ፦ ሰሜን ኦንታሪዮ ያሉት የኔስካንታጋ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ እንደተባሉ ነው ሲባል ሰማሁ፣ እንደዛ ሀብታም አገር ውስጥ እንዴት ይሄ ይሆናል?

መልስ 1፦ እውነት ነው። ቦታው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መንገድ የለውም፣ በፕሌን ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ፓምፕ ሲበላሽ መለዋወጫውም ቴክኒሻኑም በአየር ነው የሚመጣው። ማጣሪያ መገንባት ብቻውን አይበቃም፣ የሰለጠነ ኦፕሬተርና የጥገና በጀት በቋሚነት ያስፈልጋል።

መልስ 2፦ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ሾል ሌክ 40 የሚባለው፣ በሾል ሐይቅ ዳር ያለው የነባር ሕዝቦች መንደር ነው። ዊኒፔግ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ የዛን ሐይቅ ውሃ ትጠጣለች፣ እዛው ዳር ያሉት ሰዎች ግን ከ1997 እስከ 2021 ድረስ ንጹህ የቧንቧ ውሃ አልነበራቸውም!

መልስ 3፦ የያኔው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ እ.ኤ.አ. በ2015 እነዚህን የውሃ ማስጠንቀቂያዎች በ5 ዓመት እናስነሳለን ብሎ ነበር፣ ብዙዎቹ ተነስተዋል ኔስካንታጋ ግን ቀነ ገደቡ ሲያልፍም እዛው ነበረች።