ለፓራግላይዲንግና ለፓራሞተር የሚሆን ቦት ጫማ አመራረጥ

ጥያቄ፦ እስካሁን በፓራግላይደር (አብራሪው በቀጫጭን ገመዶች ተንጠልጥሎ በሚበርበት የጨርቅ ክንፍ) የበረርኩት በተራ የስፖርት ጫማ ነው፤ አሁን ግን በፓራሞተር፣ ማለትም ሞተር በጀርባዬ ተሸክሜ ሮጬ ለመነሣት ስለምዘጋጅ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ቦት ጫማ ስመርጥ አስቀድሜ ምኑን ልመልከት?

መልስ 1፦ ማሰሪያውን ይመልከቱ። ክፍት የብረት መንጠቆ የክንፉን ቀጫጭን ገመዶች ሊይዝ ስለሚችል፣ ማሰሪያው በቀዳዳ ብቻ የሚያልፍበትን ጫማ ይምረጡ፤ ይህ በእኔ እምነት ከጫማው ቁመትም ይቀድማል።

መልስ 2፦ እስማማለሁ። ሆኖም የሞተሩ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሲሮጡ እግርዎ ወደ ጎን እንዳይታጠፍ የሚይዝ ከፍ ያለና ጠንካራ ጫማ ያስፈልግዎታል፤ ሩጫን የሚያግድ ከሆነ ግን መነሣቱን ራሱን አደገኛ ስለሚያደርገው፣ ከመግዛትዎ በፊት እባክዎ ሮጠው ይሞክሩት።

መልስ 3፦ እርጥብ ሣር ላይ እንዳያንሸራትትዎ የሶሉ ጥርስ ጥልቅ ይሁን።